የእኛ የሆነውን ለይተን እናስቀምጥ

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ስለ ገቢና ወጪ አይደለም፤ ሪፖርቱ በእጃችሁ ነው። የምንናገረው ሪፖርቱ ስለሚቀመጥበት ቦታ ነው።

አምና ክረምት መብራት ሄድ መለስ ሲል የቢሯችን ላፕቶፕ አልነሳ አለ። ጥገና ወሰድነው። ባለሙያው «ዊንዶውሱ ተበላሽቷል፤ ፎርማት ይደረግ» አለን። «ውስጡ ያለው ይጠፋል ወይ?» ብለን አልጠየቅንም፤ እሱም አልነገረን። ላፕቶፑ ሲመለስ እንደ አዲስ ይሠራ ነበር፤ የአራት ወር የቁጠባ መዝገብ ግን የለም። ለመጨረሻ ጊዜ ፍላሽ ላይ ከገለበጥን አራት ወር አልፎን ነበር።

ያን ጊዜ ያዳናችሁን እናንተ ናችሁ። ደብተራችሁን ይዛችሁ መጣችሁ፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከደብተር ወደ ኮምፒውተር ስንገለብጥ ከረምን። የአንዲት እናታችን ደብተር ግን ዝናብ ገብቶበት ቀለሙ ፈሶ ነበር። በየሳምንቱ ሳታጓድል የከፈለችውን ማሳየት አልቻለችም። ቡድኗ «ከፍላለች» ብሎ ስለመሰከረላት ገንዘቧ ተመዘገበ። እሷ ግን በገዛ ገንዘቧ ምስክር ሲቆጠርባት አንገቷን ደፍታ ተቀምጣ ነበር። ጥፋቱ የእሷ አልነበረም፤ የእኛ ነበር።

ጥፋታችን ይህ ነው። ኮምፒውተር ውስጥ ሁለት ዓይነት ነገር አለ። አንደኛው ማሽኑን የሚያሠራው ዊንዶውስና ፕሮግራሞቹ ናቸው፤ ቢጠፉ እንደገና ይጫናሉ። ሁለተኛው እኛ የጻፍነው ነው፤ የቁጠባ መዝገብ፣ ቃለ ጉባኤ፣ ደረሰኝ። ይህ ከጠፋ የሚሸጥበት ሱቅ የለም። እኛ ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጠን ነበር። ዴስክቶፕም ሆነ «ዶክመንትስ» የሚባለው ፎልደር፣ ቦታቸው ካልተቀየረ በቀር፣ ዊንዶውስ ያለበት ሲ ድራይቭ ውስጥ ናቸው። ሲ ፎርማት ሲደረግ አብረው ይሄዳሉ። ስልክ ያላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ስልኩ ተበላሽቶ እንደ አዲስ ሲስተካከል ስልኩ ላይ የነበረው ፎቶ ይጠፋል፣ ሚሞሪ ካርዱ ላይ ያለው ይተርፋል።

ስለዚህ የላፕቶፑን ዲስክ ለሁለት ከፈልነው። ሲ ለዊንዶውስ፣ ዲ ለማኅበሩ ሆነ። የ«ዶክመንትስ»ን ቦታ ወደ ዲ አዛወርን፤ ዴስክቶፕ ላይ ሥራ ማስቀመጥ ተውን። ፒችትሪ የራሱን ዳታ ከሲ ላይ እንዳለ ቢይዝም፣ ዓርብ ዓርብ ከፕሮግራሙ ባክአፕ እያወጣን ዲ ላይ እናስቀምጣለን። ላፕቶፑ ጥገና ሲሄድም «ሲን ብቻ፤ ዲን እንዳትነኩ» የሚል ወረቀት ይለጠፍበታል።

ጥቅሙን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ወረኢሉ በ1888 ዓ.ም. የአድዋ ዘመቻ ጦር የከተተባት ከተማ ናት። አስቀድሞ አንድ ቦታ የተከተተ ጦር ለመንገድ ዝግጁ ነው። መዝገባችንም እንዲሁ ነው። በየፎልደሩ ተበትኖ ሳለ ባክአፕ ማድረግ ግማሽ ቀን ይፈጅ ነበር፤ ስለሚያሰለችም እናሳልፈው ነበር። አሁን አንድ ፎልደር መገልበጥ ነው። ሂሳብ ያልተማረች እህት እንኳ ትችለዋለች።

አንድ ነገር ግን እንዳንሳሳት። ሲና ዲ የአንድ ቤት ሁለት ክፍሎች ናቸው። ዲስኩ ከተቃጠለ ወይም ላፕቶፑ ከተሰረቀ ሁለቱም ይሄዳሉ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ከየመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ተጭኖ ሄዷል። ኢንተርኔት ላይ ብቻ እናስቀምጥ ብንልም፣ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን ለረጅም ወራት ሲቋረጥ ምን እንደሆንን እናስታውሳለን። ስለዚህ ሁለት ኤክስተርናል ዲስኮች አሉን። አንደኛው ቢሮ ይቆለፋል፤ ሁለተኛው ከቢሮ ውጭ በአባል ቤት ይቀመጣል። ሁለቱም በይለፍ ቃል የተዘጉ ናቸው። ቫይረስ እንዳይጋባባቸውም ገልብጠን እንደጨረስን ወዲያው እንነቅላቸዋለን።

ዊንዶውስ ዳግመኛ መጫኑ አይቀርልንም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። እኛ ግን በዚያን ቀን አንደነግጥም።

ከእናንተ የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ደብተራችሁን በላስቲክ ጠቅልላችሁ ያዙ፤ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ያዳነን እሱ ነውና። በወሩ መጨረሻ ደግሞ ሁለት ሁለት እየሆናችሁ መጥታችሁ ስንገልብጥ እዩ፤ አንድ ፋይል አስከፍታችሁም የራሳችሁን ስም ፈልጉ። ያልተከፈተ ባክአፕ መኖሩ አይታወቅም። ደጋፊዎቻችንንም፣ ኮምፒውተር ስትለግሱን አንድ ኤክስተርናል ዲስክ አብራችሁ እንድታስቡልን እንለምናለን።

ሁለተኛው ዲስክ ማን ቤት እንደሚቀመጥ ቡድኖቹ መርጠዋል። ደብተሯ የራሰባት እናታችን ናት። ቁልፍ ያለው ሳጥን አላት፤ ጣሪያዋንም አድሳለች።