የግዛት አከፋፈልና የባለጉዳይ መንገድ



ሰፊ አገር ከአንድ ከተማ ብቻ ሊተዳደር አይችልም። የመሬት ክርክር ያለበት ገበሬና ግብሩ የበዛበት ነጋዴ ሁሉ ወደ ዋናው ከተማ ልሂድ ቢል፥ ጉዳዩ ከመታየቱ በፊት ስንቁ ያልቃል። ስለዚህ መንግሥት ግዛቱን ከፍሎ ለየክፍሉ ኃላፊ ይመድባል። የአከፋፈሉም መልካምነት የሚታወቀው በካርታው ማማር ሳይሆን፥ ባለጉዳይ የሚሄድበትን ደጅ ለይቶ በማወቁና ከዚያም መልስ በማግኘቱ ነው።

ለዚህ የኢትዮጵያ ታሪክ በቂ ምሳሌ ነው። በቀድሞው ዘመን የግዛት ሹም ግብሩን ራሱ ይሰበስብ፥ ዳኝነቱን ራሱ ያይ፥ ጭፍራውንም ራሱ ያሳድር ነበር። በነሐሴ ወር 1934 ዓ.ም. የወጣው የአስተዳደር ድንጋጌ ግን አገሩን በጠቅላይ ግዛት፥ በአውራጃ፥ በወረዳና በምክትል ወረዳ ከፈለ። ገዦቹም በአገር ግዛት ሚኒስቴር ሥር ሆነው በደመወዝ እንዲያገለግሉ ተደረገ፤ በገዛ ሥልጣናቸው ግብር መጣልም ተከለከሉ።

በመጀመሪያ 12 የነበሩት ጠቅላይ ግዛቶች፥ ባሌ ከሐረርጌ ሲለይ 13 ሆኑ። በ1945 ዓ.ም. በፌዴሬሽን የተዋሐደችው ኤርትራም በ1955 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ ሲፈርስ 14ኛዋ ተባለች፤ በ1985 ዓ.ም. ግን ነጻ መንግሥት ሆና ከጥቂት ዓመታት በኋላ አገርዋን በ6 ዞባዎች ከፈለች።

የ1934ቱ ሥርዓት የሹሙን ሥልጣን በሕግ ወስኖአል። ይሁን እንጂ ሹመቱ ሁሉ ከላይ ወደ ታች ይወርድ ስለነበር፥ ሕዝቡ ወሰኑ በየት በኩል እንዲያልፍ ይጠየቅ አልነበረም።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው የፌዴራል ሕገ መንግሥት ሌላ መንገድ ተከተለ። ክልሎች የሚዋቀሩት በሕዝብ አሰፋፈር፥ በቋንቋ፥ በማንነትና በሕዝቡ ፈቃድ ነው ሲል ደነገገ። በሁለት ክልሎች መካከል የወሰን ክርክር ቢነሣ በቅድሚያ በስምምነት ይጨርሱታል፤ ካልተስማሙ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሕዝቡን አሰፋፈርና ፍላጎት መርምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ይወስናል። በመጀመሪያ የተቋቋሙት ክልሎች 9 ነበሩ። ሲዳማ በኅዳር 2012 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ አድርጎ 10ኛ ክልል ሆነ። በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ክልል ተቋቋመ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የቀድሞው የደቡብ ክልል ቀሪ ክፍል ለሁለት ሲከፈል፥ የክልሎቹ ቁጥር 12 ደረሰ። አዲስ አበባና ድሬዳዋ በከተማ አስተዳደርነት ይኖራሉ።

ወሰን በተለወጠ ቁጥር የሚንገላታው ባለጉዳይ ነው። መዝገቡ በአሮጌው ጽሕፈት ቤት ቀርቶ፥ አዲሱ ጽሕፈት ቤት «ማስረጃህን አምጣ» ቢለው፥ በሁለት ደጅ መካከል ይቆማል። ከብቱን ከወሰኑ ማዶ የሚያሰማራ አርብቶ አደርና ወደ ማዶ ገበያ የሚወጣ ነጋዴም፥ ለማን እንደሚገብርና በማን እንደሚዳኝ ካላወቀ ለጠብ ይጋለጣል።

እንግዲህ የሹማምንት ግዴታ መዝገብን በጊዜ ማስተላለፍ፥ የሥራ ክፍሎችን ቦታ በገበያና በአደባባይ ማስታወቅ፥ ለማንኛውም አቤቱታ በጽሑፍ መልስ መስጠት ነው። የነዋሪዎችም ድርሻ የቀበሌያቸውንና የወረዳቸውን ሥልጣን ለይቶ ማወቅ፥ ስለ ወሰን ቅሬታ ቢኖራቸው በሕግ በተከፈተው መንገድ ማቅረብ፥ ከወሰን ማዶ ያለውንም ጎረቤት እንደ ባዕድ አለማየት ነው። ውኃው፥ ግጦሹና ገበያው ዛሬም የሁለቱም ወገን መገናኛ ነውና።