ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት መግዛት ስላቃታቸው ሕሙማን
በሰበካው የኢዮቤልዩ በዓል ላይ ለካህናትና ለምእመናን የተነገረ ንግግር



«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው የአበው ቃል እውነት ነው። ነገር ግን በዚህ በአሜሪካ አገር በሽታውን ሳይደብቅ ለሐኪም ያሳየ፥ ሐኪሙም መርምሮ ማዘዣ የጻፈለት፥ ሆኖም ዋጋውን ሲሰማ ከመድኃኒት ቤቱ ባዶ እጁን የሚመለስ ሰው አለ። ይኸውም የጤና መድን፥ በተለምዶ ኢንሹራንስ የሚባለው፥ የሌለው ሰው ነው። በዚያ ላይ አካሉ ተጎድቶ መሥራት ያቃተው እንደ ሆነ መከራው እጥፍ ይሆንበታል፤ ጉዳቱ ደመወዙን ሲያስቀርበት በአሠሪው በኩል ያገኘው የነበረው መድንም አብሮ ይቀርበታልና። ስለዚህ መድኃኒቱ እጅግ በሚያስፈልገው ጊዜ መግዣው ይታጣል።

ለዚህ ችግር አንዱ ምክንያት በሕጉ ውስጥ ያለው የመጠበቂያ ዘመን ነው። ሜዲኬር የተባለው የመንግሥት መድን እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1965 ዓ.ም. ለአረጋውያን ተደነገገ፤ በ1972 ዓ.ም. የወጣው ሕግም ከ65 ዓመት በታች ያሉ የአካል ጉዳተኞች እንዲገቡበት ፈቀደ። ነገር ግን ሲሠራ ኖሮ የአካል ጉዳት የደረሰበት ሰው ከሶሻል ሴኩሪቲ አበል የሚገባው ጉዳቱ ከደረሰበት በኋላ 5 ሙሉ ወራት ሲያልፉ ነው። ሜዲኬርን የሚያገኘው ደግሞ አበሉ ከተገባው በኋላ 24 ወራት ሲፈጸሙ ነው። ሁለቱ ቢደመሩ 29 ወራት ይሆናሉ። ኩላሊታቸው ፈጽሞ ሥራውን ላቆመና ኤ.ኤል.ኤስ. የተባለው የነርቭ በሽታ ለያዛቸው ሕጉ የተለየ መንገድ ሰጥቷል፤ የቀሩት ግን ይጠብቃሉ። በሽታው ግን አይጠብቃቸውም።

ሜዲኬይድ የተባለው የድኆች መድንም ለሁሉ በአንድ ዓይነት አልተከፈተም። በ2010 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ለብዙ ድኆች አስፍቶት ነበር፤ ነገር ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2012 ዓ.ም. ማስፋቱን ለየስቴቱ ፈቃድ ስለተወው፥ ያልተቀበሉት ስቴቶች ዛሬም አሉ። ደግሞም በ1996 ዓ.ም. በወጣው ሕግ ምክንያት፥ ከኢትዮጵያ በዲቪ ዕጣ እንደመጡት ያሉ አብዛኞቹ አዲስ የግሪን ካርድ ባለቤቶች 5 ዓመት ሳይሞላቸው ሜዲኬይድ አይፈቀድላቸውም።

በዚህ መካከል ሕመምተኛው ሳይናገር የራሱን ዘዴ ያበጃል። አንዱን ኪኒን ለሁለት ይገምሳል፤ በየቀኑ የታዘዘለትን በየሁለት ቀኑ ይወስዳል፤ ወይም ለጎረቤቱ ከታዘዘው ይዋሳል። ለቤት ኪራይ ሲል ይህን የሚያደርግ ሰው ቆጣቢ መስሎት ነው፤ ነገር ግን የደም ግፊት መድኃኒቱን የተወ ሰው የደም ሥር በአንጎሉ ውስጥ ሊበጠስ ወይም ሊዘጋ ይችላል፤ የሚጥል በሽታ መድኃኒቱን በድንገት ያቋረጠም በብርቱ ሊወድቅ ይችላል። ሰውነቱ ኢንሱሊን የማያመነጭ የስኳር ሕመምተኛ ደግሞ ኢንሱሊኑን ቢያጣ በጥቂት ቀን ውስጥ ለሞት ይደርሳል።

የኢንሱሊን ነገር ብዙ ያስተምራል። መድኃኒቱ በ1921 ዓ.ም. በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ ከተገኘ በኋላ፥ ባንቲንግ፥ ቤስትና ኮሊፕ የተባሉት ሊቃውንት የባለቤትነት መብቱን በ1923 ዓ.ም. ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ በነፍስ ወከፍ በ1 ዶላር ሰጡ። ከመቶ ዓመት በኋላ ግን በአሜሪካ ከታወቁት የኢንሱሊን ዓይነቶች የአንዱ የአንዲት ብልቃጥ ዋጋ ከ270 ዶላር በላይ ደርሶ ነበር። ብዙ አቤቱታ ከተሰማ በኋላ ሦስቱ ታላላቅ አምራቾች በ2023 ዓ.ም. ዋጋ እንደሚቀንሱ አስታወቁ፤ መድን የሌለውም ሰው በእነርሱ መርሐ ግብር ተመዝግቦ በወር በ35 ዶላር የሚያገኛቸው ዓይነቶች አሉ። ሆኖም ይህን ያልሰማ ሰው ዛሬም መርፌውን እያሳነሰ ይወጋ ይሆናል።

በወንጌል የተነገረው መጻጕዕ 38 ዓመት ታሞ በመጠመቂያው አጠገብ ተኝቶ ነበር። ውኃው ሩቅ አልነበረም፤ የጎደለው ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው ነበር። መድን ያጣው የአካል ጉዳተኛም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው፤ በሮቹ አሉ፥ የሚያደርሰው ግን የለም።

ከበሮቹ አንዱ ሐኪሙ ራሱ ነው። ዋጋው እንደሚከብደው የተነገረው ሐኪም ጄኔሪክ የተባለውን፥ በሚፈውሰው ነገር ከዋናው ጋራ አንድ የሆነውን፥ ዋጋው ግን አብዛኛውን ጊዜ እጅግ የሚያንሰውን መድኃኒት ሊያዝለት ይችላል። ሁለተኛው በፌደራል መንግሥት ገንዘብ የሚረዱት የሕዝብ ጤና ጣቢያዎች ናቸው። እነዚህ እንደ ገቢው መጠን ያስከፍላሉ፤ መክፈል ስላልቻለም ሰውን አይመልሱም። ብዙዎቹም በ1992 ዓ.ም. በወጣው ሕግ መድኃኒትን በቅናሽ ይገዛሉ። ሦስተኛው የመድኃኒት ፋብሪካዎች ለችግረኞች ያቋቋሙት የእርዳታ መርሐ ግብር ነው፤ የገቢ ማስረጃና የሐኪም ፊርማ ይጠይቃል። አራተኛው ለትርፍ ያልቆሙ ሆስፒታሎች ናቸው፤ ለችግረኛ የሚያደርጉትን የክፍያ ቅናሽ በጽሑፍ እንዲያስታውቁ ሕግ ያስገድዳቸዋል። በመጨረሻም የአንዱ መድኃኒት ዋጋ ከፋርማሲ ፋርማሲ ይለያያልና፥ ሳይገዙ በፊት ሁለት ሦስት ቦታ መጠየቅ ይጠቅማል።

እነዚህ ሁሉ ግን ቅጽ መሙላትን፥ በእንግሊዝኛ በስልክ መነጋገርን፥ መመላለስን ይጠይቃሉ። ለጤነኛ ሰው የግማሽ ቀን ሥራ የሆነው፥ እግሩ ለማይታዘዝለት ወይም ዓይኑ ለማያይለት ሰው የወር ድካም ነው። በዚህ ላይ ኀፍረት ይጨመራል፤ በአገሩ እንግዳ ሲቀበል የኖረ ሰው ቅናሽ መጠየቅ ልመና ይመስለዋልና። ነገር ግን በሕግ የተፈቀደውን መጠየቅ ልመና አይደለም።

ስለዚህ ከሰበካው የሚፈለገው እርዳታ ከገንዘብ በፊት ሰው ነው። ቋንቋውንና ሥርዓቱን የሚያውቁ ወጣቶች ቅጹን ይሙሉ፤ መኪና ያለው ወደ ጤና ጣቢያው ያድርስ፤ የነፍስ አባትም የንስሐ ልጁን ሲጎበኝ መድኃኒቱ እንዳላለቀበት በጨዋነት ይጠይቅ። ማመልከቻው መልስ እስኪያገኝ ድረስ የአንድ ወር መድኃኒት የሚገዛ ጥቂት ገንዘብም በሙዳየ ምጽዋት በኩል ቢለይ፥ በዚያች አንድ ወር የሚተርፍ ነፍስ ይኖራል። ስሙም በጉባኤ አይነሣ፤ ተረጂው አንገቱን እንዳይደፋ ምስጢሩ ይጠበቅ።

እግዚአብሔር የሕሙማንን ሥቃይ ያቅልል፤ የሚረዷቸውንም እጅ ያበርታ።