ዘይቱ ከየት ነው የሚመጣው?

በምሩቃን ማኅበሩ የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር



አዘጋጆቹ «ስለ ሙያ ሕይወትሽ ትንሽ ተናገሪ» ሲሉኝ እሺ አልኩ። ቁጭ ብዬ ስጽፈው ግን የሥራ ማመልከቻ መሰለኝና ተውኩት። ስለዚህ ዛሬ የማወራችሁ ስለ መኪናዬ ነው። ከኋላ የምትስቁት እነማን እንደሆናችሁ አውቃለሁ።

መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ1992 ማዝዳ ሚያታ ናት። ለማታውቋት፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ ትንሽ የስፖርት መኪና ናት። ሞተሯ 1.6 ሊትር፣ ባለ አራት ሲሊንደር ነው። ከኮቪድ ዓመታት በኋላ ለራሴ የገዛኋት ብቸኛ ትርፍ ነገር እሷ ናት። እናቴ ፎቶዋን አይታ «ልጆቹስ የት ይቀመጣሉ?» አለችኝ። ጥያቄው እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

በሦስተኛው ወር ሜሪላንድ ባለው ቤቴ ጋራዥ ወለል ላይ የዘይት ጠብታ አየሁ። ካርቶን አነጠፍኩ። በማግስቱ ካርቶኑ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም የሚያህሉ ሦስት ነጠብጣቦች ነበሩ። ጎንበስ ብዬ በስልኬ መብራት ሳይ የሞተሩ ኮፓ የኋላ ጠርዝ በዘይት ርሷል። አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። አንሥተው አዩና «የኮፓው ማሸጊያ ነው፤ 1,800 ዶላር» አሉኝ። ዋጋው ያለ ምክንያት አልነበረም። በዚህች መኪና ኮፓው ዝም ብሎ አይወርድም፤ የፊት እግሮቹን የሚሸከመው ብረት ከሥሩ ስለሚያልፍ ወይ ሞተሩ ከላይ ይንጠለጠላል ወይ ብረቱ ዝቅ ይላል።

እኔ ግን ሐኪም ነኛ! «ብሎኖቹን ጠበቅ ባደርጋቸውስ?» አልኩ። ቅዳሜ ጠዋት መኪናዋን በክሪክ አንሥቼ፣ ደጋፊ ብረቶች አድርጌ፣ ባለ 10 ቁልፍ ይዤ ገባሁ። የኮፓ ብሎኖች 6 ሚሊሜትር ብቻ ውፍረት ያላቸው ቀጫጭን ናቸው፤ የሚፈልጉት ኃይል ወደ 9 ኒውተን ሜትር ነው። የጎማ ብሎን ወደ 100 እንደሚፈልግ አስቡት። እኔ በመለኪያ ሳይሆን በንዴት ነው ያጠበቅኳቸው። አምስተኛው ብሎን እጄ ላይ ድንገት ላላ፤ ጥርሱ አለቀ። በማግስቱ እስከዚያ ቀን ደረቅ የነበረው የኮፓው ግራ ጎን ማንጠብጠብ ጀመረ። ይህን እዚህ አዳራሽ ውስጥ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ ሐኪም ያመጣው በሽታ እንለዋለን።

በመጨረሻ ቨርጂኒያ የሚኖሩ፣ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ መካኒክ የነበሩ አንድ አባት ጋ ሰው አገናኘኝ። ስማቸውን እንዳልጠራ አስምለውኛል። ኮፋኖውን ከፍተው አዩ፤ ከሥር ገብተው አዩ፤ ወጥተው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ «ማን ነው ኮፓ ነው ያለሽ?» አሉኝ።

«ጋራዡ። እኔም አየሁት ጋሼ፤ ርሷል።»

«አንቺ ሐኪም አይደለሽ? ቁስል ሳታጥቢ ታያለሽ?»

ዝም አልኩ።

«ዘይት ወደ ላይ አይወጣም ልጄ። ታች ያየሽው ሁሉ ከላይ ሊመጣ ይችላል።»

አጠብነው። ማጠብ ስላችሁ ቅባት በሚያነሣ ፈሳሽና በብሩሽ፣ ከቴስታታው እስከ ካምቢዮው፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ። ከዚያ በአልትራቫዮሌት መብራት የሚያበራ ቀለም ዘይቱ ውስጥ ጨመርንና ሃያ ደቂቃ ነድቼ ተመለስኩ። ጨለማ ውስጥ መብራቱን ሲያበሩ አረንጓዴ ቢጫ መስመር ታየ። የመስመሩ መነሻ ኮፓው አልነበረም። ቴስታታው ጀርባ፣ በሞተሩና በሹፌሩ ክፍል መካከል ባለው ግድግዳ በኩል፣ እጅ በማይገባበት ቦታ፣ የካምሻፍቱን አቀማመጥ ለኮምፒውተሩ የሚነግር አንድ ሴንሰር አለ። እሱን የሚያሽገው ክብ ጎማ ከሠላሳ ዓመት ሙቀት በኋላ እንደ ፕላስቲክ ደርቆ ነበር። ዘይቱ ከዚያ ወጥቶ፣ በሞተሩ ጀርባ ወርዶ፣ ካምቢዮው ላይ አርፎ፣ የኮፓውን የኋላ ጠርዝ ይዞ ከዝቅተኛው ቦታ ይንጠባጠባል። የጎማው ዋጋ 5 ዶላር አይሞላም። ሴንሰሩ ከመውጣቱ በፊት ቦታውን በነጭ ቀለም ምልክት አደረግን፤ ትንሽ ከዞረ የሞተሩ የእሳት ሰዓት ይዛባልና።

ኮፓው ግን፣ በእኔ ጥፋት፣ መውረዱ አልቀረም። ሁለት ቅዳሜ ፈጀብን። ሞተሩን ከላይ አንጠልጥለን፣ የሥሩን ብረት ዝቅ አድርገን፣ ከአራት ሊትር ያነሰች ዘይቷን አፍስሰን አወረድነው። ጥርሱ ያለቀውን ቀዳዳ አስፍተን አዲስ ጥርስ ያለው የብረት ጥምዝ አስገባንበት። ሁለቱን ገጾች የጣት አሻራ እንኳ እስከማይቀርባቸው አጸዳን፤ ሲሊኮኑን ቀጭን መስመር አድርገን ቀባን፤ ብሎኖቹን እየተሻገርን፣ በሁለት ዙር፣ በመለኪያ አጠበቅን። ሌሊቱን ሳይነካ አደረ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ መካኒክ ጓደኛ ያላችሁ ንገሩት። ዘይት የሚስበው ቱቦ ጫፍ ላይ ያለው ወንፊት የደረቀ የሲሊኮን ቁርጥራጭ ይዞ አገኘነው። ከእኔ በፊት የነበረ ሰው አብዝቶ ቀብቶ፣ ትርፉ ወደ ውስጥ ተገፍቶ ነው። ወንፊቱ ቢደፈን ሞተሩ ዘይት አጥቶ ይሞት ነበር። እንግዲህ ጥፋቴ አንድ ጠቅሞኛል፤ በዚህ ግን አልኮራም።

አሁን ለምን ይህን እንደነገርኳችሁ ልናገር። ከመኪናዋ ሥር ተኝቼ ያቺን አረንጓዴ መስመር ስከተል ትዝ ያለችኝ አንዲት ታካሚዬ ናት። የ47 ዓመት ሴት፣ የአገራችን ልጅ፣ የታወቀ የማህፀን ማዮማ ያለባት። ሄሞግሎቢኗ 8.9፣ ብረቷ ዝቅተኛ። የወር አበባዋ ይበዛል አለችኝ። መልሱ እዚያው ፊቴ ነበር፤ የብረት ክኒን ጻፍኩላት። ወደ 10 ወጣ፣ ደስ አለን። ተመልሶ ወረደ። «ክኒኑን በትክክል እየወሰድሽ ነው?» አልኳት። ልብ በሉ፣ እሷን ነው የጠረጠርኩት። ሰባት ወር። በስምንተኛው ወር ኮሎኖስኮፒ ሲደረግላት በቀኝ በኩል፣ የትልቁ አንጀት መጀመሪያ ላይ ካንሰር ተገኘ።

አሜሪካ ውስጥ የአንጀት ካንሰር ቅድመ ምርመራ መጀመሪያ ዕድሜ እ.ኤ.አ. በ2021 ከ50 ወደ 45 ዝቅ ብሏል። ስለዚህ ደም ማነሱ ባይኖርም እንኳ ልልካት ይገባ ነበር። ማዮማው ውሸት አልነበረም፤ ደሙም እውነት ነው። እኔ ግን እርጥቡን ቦታ አይቼ ብሎን አጠበቅኩ። እዚህ ግቢ ውስጥ መምህራኖቻችን በሽተኛውን ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር ሳናይ ላብራቶሪ እንድንጠይቅ እንኳ አይፈቅዱልንም ነበር። ያንን የረሳሁት ተምሬው ሳላበቃ አይደለም። በአሥራ አምስት ደቂቃ አንድ ሰው ማየት ለምጄ ነው፤ ይህም ምክንያት እንጂ ማስተባበያ አይደለም።

ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፣ ኬሞቴራፒ ወሰደች፤ በሕይወት አለች። አስጠርቻት «ቀደም ብዬ ማግኘት ነበረብኝ፤ አዘገየሁሽ» አልኳት። ብዙ ዝም አለች። ከዚያ «ዶክተር፣ ባትነግሪኝ ማን ይነግረኝ ነበር?» አለችና ወጣች። በወሩ ሐኪም ቀየረች። አልተቀየምኳትም፤ ፋይሏን ራሴ አሟልቼ ላክሁላት። በየዓመቱ በእንቁጣጣሽ ስልክ ለመደወል አስብና እተወዋለሁ። መደወል ይገባኝ እንደሆነ ከእናንተ የሚነግረኝ ካለ በሻይ ሰዓት ያግኘኝ።

መኪናዋን ለምትጠይቁ፣ ካርቶኑ አሁንም ከሥሯ ተነጥፏል። ወደዚህ ከመነሣቴ በፊት ጠዋት አየሁት፤ አንዲት ጠብታ አለችበት። ቀላ ያለች ናት፣ የሞተር ዘይት አትመስልም። የመሪው ዘይት ሳትሆን አትቀርም፤ ግን ገና አላጠብኩም።