የመኪና ምርመራ በወቅቱ ስለ ማስደረግ
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



 ሊቀ መንበራችን «ስለ መኪናው ቦሎ ጥቂት ተናገሩ» ባሉን ጊዜ መጀመሪያ እምቢ ብለን ነበር። ከስድስተኛ ክፍል ያላለፍን፣ ዕድሜያችንን በመዝገብ ቤት ወረቀት ስናገላብጥ የጨረስን ሰው ስለ መኪና ምን እናውቃለን? ነገር ግን ቆየት ብለን ስናስበው፣ የደረሰብን ነገር ከመካኒክነት ይልቅ በቀንና በወረቀት አያያዝ የመጣ ሆኖ አገኘነው። ይህ ደግሞ የእኛ ሙያ ነው፤ ጥፋቱም የእኛው ነው። ስለዚህ እሺ አልን።

ቦሎ የምንለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን ማኅተም ማለት ነው። የጋራዥ ቋንቋችን ብዙው እንዲሁ ነው፤ ጎማም፣ ፍሬንም፣ ስኮርታም ከዚያው የመጡ ናቸው። ታዲያ ይህ ቃል ሳያሳስተን አልቀረም። ብዙዎቻችን ነገሩን መስታወት ላይ የሚለጠፍ ማኅተም አድርገን ነው የምናየው። ወረቀቷ ካለች ትራፊክ አይዘንም፣ ከሌለች ይዘናል፣ በቃ። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት መኪና በየዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ እንዲደረግለት ታዟል፤ ቦሎው የሚለጠፈው ምርመራውን ማለፉን ለማሳየት ነው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ደግሞ የሦስተኛ ወገን መድን የሌለው መኪና መንገድ ላይ መውጣት አይፈቀድለትም። መድኑ ካልታደሰ ቦሎውም አይታደስም፤ ሁለቱ እንደ ጋሪና ፈረስ የተያያዙ ናቸው። ይህን እዚህ ላይ ልብ በሉልን፣ ኋላ ይመጣል።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። በ2011 ዓ.ም. የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ አዲስ የገቡ አባላት ግን አልሰሙም፤ የሰሙትም ግማሹን ነው የሰሙት።

ድንኳኑን፣ ወንበሩንና ብረት ድስቱን የምታመላልሰው፣ በቀብር ቀን ደግሞ አስከሬን የምታደርሰው ባለ ሁለት ጋቢና መኪናችን በዚያ ዓመት የምርመራዋ ጊዜ ደርሶ ነበር። መጀመሪያ ገንዘብ ያዣችን ወደ አገር ቤት ሄዱ፤ ቼክ ደግሞ ያለ ሁለት ፊርማ አይወጣም። እሳቸው ሲመለሱ ሹፌራችን ሄደና «ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ደርሷል» ብሎ ተመለሰ። በሦስተኛው ጊዜ እኛው ራሳችን «መድኑም ሊያልቅ ጥቂት ቀን ነው የቀረው፤ አንድ ላይ አድሰን አንድ ላይ እናስመረምራታለን» አልን። በዚህ መሀል የቦሎው ጊዜ አለፈ። ያኔ ግን ብዙም አላስደነገጠንም።

የመድኑ ወረቀት በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፈ ነበር። የሚያበቃው ማርች 10 ነው ይላል። እኛም ማርች ማለት መጋቢት ነው ብለን በመዝገባችን ላይ «መጋቢት 10» ብለን አሰፈርን። ሠላሳ ዓመት ቀን ስንመዘግብ ኖረን ይህን ጻፍን! ማርች 10 መጋቢት 1 ነው። ዘጠኝ ቀን ከየት አምጥተን እንደጨመርን እስከ ዛሬ ስናስበው ያፍረናል። ለመጋቢት 8 ቀጠሮ ይዘን ተቀምጠን ሳለ መድኑ ከሳምንት በፊት ሞቶ ነበር።

መጋቢት 6 ቀን፣ ዐርብ፣ በዐቢይ ጾም፣ አንዲት እናታችን አረፉ። ከዕድሩ መሥራቾች አንዷ ነበሩ። ስማቸውን እዚህ አናነሳም፤ ለምታውቋቸው አያስፈልግም። አስከሬኑ በመኪናችን ተጭኖ፣ ሕዝቡ በእግሩ ከፊትና ከጎን እያጀበ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄድን። መንገዱን ታውቁታላችሁ፣ ከዋናው መታጠፊያ ጀምሮ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ቁልቁለት ነው። ልክ ከቁልቁለቱ አናት ስንደርስ አንድ ወጣት ትራፊክ እጁን አነሣ።

ኮፍያውን አውልቆ «አባቶቼ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አለ። ከዚያ መስታወቱን አየት አድርጎ፣ «ቦሎው አልፎበታል። ሦስተኛ ወገኑም አልቋል። ይህችን መኪና በዚህ ቁልቁለት በሰው መሀል አልለቃትም» አለን።

ያላልነው ነገር የለም። ለመንነው። ከመካከላችን «አንተ እናት የለህም?» ያለውም ነበር፤ ያ ነውር ነው፣ ልጁ ሥራውን ነው የሠራው። ሹፌሩ መንጃ ፈቃዱን አስረከበ፣ የቅጣት ወረቀት ተጻፈ፣ አስከሬኑም ወርዶ ወጣቶች በትከሻቸው እየተፈራረቁ ተሸከሙት። ካህናቱ ለፍትሐት ቆመው ይጠብቁ ነበር። ጾም ላይ ያሉ አሮጊቶች በፀሐይ ቆመው ጠበቁ።

ከቀብር በኋላ የሟቿ የበኩር ልጅ ወደ እኛ መጣ። አልጮኸም። «ጋሼ፣ እናቴ የዕድር መዋጮ አንድ ወር አሳልፋ ታውቃለች? መዝገቡ ከእርስዎ እጅ ነው» አለን።

መዝገቡን ማየት አላስፈለገንም። በሴትየዋ ስም ፊት ለፊት አንድም ቀን የመዘግየት ቅጣት ተጽፎ አያውቅም። ታመው በተኙበት ወራት እንኳ በልጅ ልጃቸው እጅ ይልኩ ነበር። እኛ ደግሞ መዋጮ በአንድ ቀን ለዘገየ አባል ቅጣት የምንጽፍ ሰዎች ነን። የምንመልሰው ነገር አልነበረንም።

ወሬው እዚህ ላይ ቢያበቃ ስለ እፍረት ብቻ ይሆን ነበር። የበለጠው የመጣው ከሳምንት በኋላ ነው። መድኑን አድሰን መኪናዋን ወደ ምርመራ ጣቢያ ላክናት፤ እኛም አብረን ሄድን። የኋላ ጎማዎቿ በሚሽከረከሩ ብረቶች ላይ ቆሙ። ሹፌሩ ፍሬን ሲረግጥ ማሽኑ የግራውን እግርና የቀኙን እግር ለየብቻ ይለካል። ግራው ያዘ። ቀኙ ከሞላ ጎደል ዝም ብሎ ይዞር ነበር። ወደቀች።

ጋራዥ ተወስዳ የቀኙ የፍሬን ታምቡር ሲከፈት፣ የፍሬን ዘይት እያንጠባጠበ ሸራውን አርሶት ተገኘ። ዘይት የጠጣ ሸራ ደግሞ አይዝም፣ ያንሸራትታል። ዘይቱ እየጎደለ ሲሄድ አንድ ቀን ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል፣ የሚይዝም አይኖርም። መካኒኩ ይህን ካስረዳን በኋላ፣ በቁልቁለት ላይ ድንገት ጠበቅ ተደርጎ ቢረገጥ መኪናዋ ወደ የት ትሄድ እንደነበር ጠየቅነው። «ወደሚይዘው ወገን ትጎትታለች፤ ወደ ግራ» አለን።

በዚያ ቀን በግራ በኩል የሚሄዱት እናቶች ነበሩ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ እያለቀሱ፣ ማንም ወደ ኋላ የሚያይ አልነበረም።

ሹፌሩ እንዴት አልተሰማውም የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ እኛም ጠይቀናል። መኪና ሲቆም አብዛኛውን ሥራ የሚሠሩት የፊት ፍሬኖች ናቸው። በሰፈር ውስጥ ቀስ ብሎ ለሚነዳ ሰው የአንድ የኋላ እግር መድከም ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል። ለዚህ ነው ማሽን ያስፈለገው።

«የእኛ መኪና ብዙ አትነዳም፣ ምን ይሆናል» የሚል ነገር በኮሚቴያችን ብዙ ጊዜ ተብሏል። ይህ አባባል ምንኛ እንዳታለለን ያየነው ያኔ ነው። የቆመች መኪና ትበላሻለች። ታምቡሩ ይዝጋል፣ ባትሪው ይሞታል፣ የፍሬን ዘይቱ ከአየር እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት የገባበት ዘይት ደግሞ ፍሬኑ በግለት ጊዜ ቶሎ ይፈላና ፔዳሉን ያልማል። ጎማውም ጥርሱ ሳይበላ በፀሐይ ይሰነጣጠቃል። በጎማው ጎን ላይ በትንሽ ሞላላ ክብ ውስጥ አራት አኃዝ ተጽፎ ታገኛላችሁ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን በአውሮፓ አቆጣጠር ይናገራሉ። በመኪናችን አንዱ ጎማ ላይ 2309 የሚል አነበብን፤ ይኸውም በ2009 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ23ኛው ሳምንት፣ በእኛ በግንቦት 2001 መጨረሻ የተሠራ ነው። ጥርሱ አዲስ ይመስል ነበር። ዕድሜው ግን አሥር ዓመት ሊሞላው ነበር። መኪና ያላችሁ ሁሉ ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ጎንበስ ብላችሁ እዩት፤ የእኛን ያህል መማር ይበቃዋል።

ሌላም የምንናዘዘው አለን። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ለምርመራ ቀን እሳት ማጥፊያ ከአንድ አባል መኪና እንዋስ ነበር፤ አንድ ጊዜም ሁለት ጎማ ተውሰን አስገጥመን፣ ምርመራውን አልፈን፣ ማታውኑ መልሰን አሮጌውን አስገጥመናል። በጊዜው እንደ ብልኅነት ቆጥረን ስቀንበታል። ደግሞ «መኪናዋ ሳትሄድ ቦሎው ይመጣላችኋል» የሚል ደላላ መጥቶብን ያውቃል። እሱን እንኳ አባረነዋል፤ ነገር ግን የተዋሰ ጎማና ያልሄደች መኪና ምን ያህል እንደሚለያዩ እንጃ።

ታክሲ፣ ባጃጅና የጭነት መኪና ይዛችሁ የምታድሩ አባላት «አንድ ቀን መቆም የአንድ ቀን እንጀራ ነው» ትሉናላችሁ። እውነት ነው፤ በደመወዝ የኖረ ሰው ይህን ቀላል አድርጎ መናገር አይገባውም። ግን የምናየው ይህ ነው። ሁሉም ወደ መጨረሻዎቹ ቀናት ይጎርፋል፤ ሰልፉም የሚረዝመው ያኔ ነው። በዚያ ሰዓት ሄዶ የወደቀ መኪና መጠገኛ ጊዜ የለውም፤ አንድ ቀን የነበረው ኪሣራ ሳምንት ይሆናል። ከወር በፊት የሄደ ሰው ቢወድቅም ጋራዥ አስገብቶ ተመልሶ ያልፋል፣ በመሀሉም አሮጌው ቦሎ ገና አላለፈም። ከመሄዳችሁ በፊት መኪናውን አሳጥቡት፤ የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ይመሳከራል፣ በጭቃ የተሸፈነ ቁጥር ሰው ያስመልሳል። ማታ አንድ ሰው ከኋላ አቁማችሁ መብራቱን፣ ፍሬቻውንና የፍሬን መብራቱን አስዩ፤ አንድ አምፖል ርካሽ ነው። የዝናብ መጥረጊያውንም በበጋ እንደሆነ ማንም አያስታውሰውም።

ባለፈው ጊዜ አንድ አባል የኤሌክትሪክ መኪና ገዝተው «እኔንስ ይመለከተኛል?» ብለው ጠይቀውን ነበር። ጭሱ ቀርቶላቸዋል። ፍሬን፣ ጎማ፣ መሪና መብራት ግን እሳቸውም አላቸው።

ቦሎ ካለ መኪናው ደህና ነው ብላችሁም አትኑሩ። ምርመራው የሚመሰክረው ስለዚያ ቀን ብቻ ነው። የእኛው የፍሬን ዘይት ማንጠባጠብ የጀመረው መቼ እንደሆነ ማንም አያውቅም። ሆኖም ምርመራው በጊዜው ተደርጎ ቢሆን ኖሮ መኪናዋ ያን ቁልቁለት ከመቅረቧ በፊት ይታወቅ ነበር። የዕድር መኪና የምትወጣበትን ቀን እኛ አንመርጥም፤ ለቅሶ ቀጠሮ አይሰጥም። የምርመራው ቀን ግን ዓመቱን ሙሉ ይታወቃል። ከሁለቱ አንዱን አስቀድመን ማዘጋጀት እንችል ነበር፤ እሱን ነው የተውነው።

ከዚያ ወዲህ ኮሚቴው ጥቂት ነገር አድርጓል። ለምርመራ፣ ለመድንና ለጥገና የሚሆነው ገንዘብ በመዝገቡ ላይ ለብቻው ተቀምጧል፤ ለድንኳን መግዣ አይነካም። ሁለቱ ፈራሚዎች አንዱ ከአገር ሲወጣ የሚተካው ሦስተኛ ሰው ተመርጧል። መኪናዋም ለቅሶ ባይኖር እንኳ በየሳምንቱ ቅዳሜ ተነሥታ ሰፈር ዞራ ትመጣለች። እሳት ማጥፊያ ተገዝቷል፤ የራሳችን ነው፣ አሁን ሌላው ከእኛ ይዋሳል፤ አንሰጥም።

በዕቃ ቤቱ በር ላይ የተለጠፈውን ትልቅ ካርቶን አይታችሁታል። የመድኑና የምርመራው ቀን በሁለቱም አቆጣጠር፣ በኢትዮጵያና በአውሮፓ ተጽፎበታል። ጽሕፈቱ የእኛ አይደለም። የዚያች እናታችን የበኩር ልጅ ነው የጻፈው፤ በ2012 ዓ.ም. የንብረት ክፍሉን ተረክቦ እስካሁን እየሠራ ነው። ወር ሲቀረው ማታ ቤታችን መጥቶ በር ያንኳኳል። «ጋሼ፣ ፊርማ» ይላል፤ እኛም ራታችንን ትተን እንፈርማለን።

የዘንድሮው ምርመራ ተደርጓል፣ አልፋለች። የግራ ፍሬቻ አምፖል ብቻ ተቀይሯል፤ ደረሰኙ ከሒሳብ መዝገቡ ጋር ስለ ተያያዘ ማየት የሚፈልግ አባል ማየት ይችላል። ገና ብዙ አጀንዳ ስላለ እኛ እዚህ ላይ እንቀመጣለን። ቀጥሎ የጠፉት ሁለት ብረት ድስቶች ጉዳይ ነው።