አድማና ጋዜጣ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተሰማ ንግግር)



በደብረ ኤልያስ የቅኔ ተማሪ ሰሙን ብቻ ሰምቶ አይነሣም፤ ወርቁን ሳያገኝ ቅኔውን ሰማሁ አይልም። እኛም ጋዜጣ ስናነብ፣ ይልቁንም ስለ ሠራተኞች አድማ የተጻፈውን ስናነብ፣ እንደዚሁ ልናደርግ ይገባናል።

አስቀድመን ቃሉን እንመልከት። «አድማ» በቋንቋችን በሰው ላይ ተማክሮ መነሣት ማለትም ነው። ስለዚህ «ሠራተኞች ሥራ አቆሙ» እና «አድመኞች ሥራ አስተጓጐሉ» ተብሎ ስለ አንድ ነገር ቢጻፍ፣ ሁለተኛው ገና ሳይመረምር ፈርዷል።

በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ። በዚያው ወር በ28ኛው ቀን የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ጀመረ፤ አድማውም አራት ቀን ቆየ። ከጥያቄዎቹ አንዱ ዝቅተኛው ደመወዝ በሕግ ይወሰን የሚል ነበር። ያን ጊዜ አዲስ ዘመን ጋዜጣ የሚታተመው በማስታወቂያ ሚኒስቴር ሥር ነው። እንግዲህ አቤቱታ የሚቀርብለት መንግሥት የጋዜጣውም ባለቤት ነበር ማለት ነው። ተሟጋቾች ሲቆሙ ጸሐፊው የአንደኛው ወገን ዘመድ ከሆነ፣ ሌላው ሰው ቃሌ በትክክል ተጽፏል ብሎ እንዴት ይመን?

ነገሩ በእኛ አገር ብቻ የሚታይ አይደለም። የእንግሊዝን የቴሌቪዥን ዜና የመረመሩ የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1976 ጥናታቸውን አሳትመዋል። በዜናው አሠሪው በቢሮው ተቀምጦ በጸጥታ ሲናገር፣ ሠራተኛው ግን ደጅ ቆሞ በጫጫታ መካከል ሲጠየቅ ይታያል። ተመልካቹም ረጋ ብሎ የተናገረውን ሊያምን ይችላል።

ሆኖም ለሠራተኛው ብቻ እናድላ ማለታችን አይደለም። በግንቦት 2017 ዓ.ም. ብዙ የጤና ባለሙያዎች ደመወዝ አነሰን ብለው ሥራ ሲያቆሙ፣ ሐኪም ያጣው በሽተኛም ጭንቀቱ እውነተኛ ነበር። የበሽተኛውን ጭንቀት የሚጽፍ ጋዜጣ አልዋሸም፤ የሐኪሙን ኑሮ ሳይጽፍ ከቀረ ግን እውነቱን ከግማሽ ቈርጦ ሰጠን።

ወላጆቻችን ሆይ! እናንተ ለሽምግልና ስትቀመጡ ሁለቱን ወገን ሳትሰሙ አትፈርዱም። እኛ ልጆቻችሁም በጋዜጣ ፊት ይህንኑ ልማድ እንያዝ። ሥራው መቆሙን ስናነብ ለምን ቆመ? ማን ተጠየቀ? ሳይጠየቅ የቀረውስ ማን ነው? እንበል። ነገ ከመካከላችን መምህር፣ ሐኪም፣ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ጋዜጠኛም የሚሆን አለና፣ ዛሬ በሌላው ላይ በግማሽ ወሬ ብንፈርድ ነገ በእኛም ላይ እንዲሁ ይፈረድብናል።