አንዲት ፊት በሦስት ዕድሜ



ስለ ድልድይ ወይም ስለ ግድብ እንድናገር የምትጠብቁ ካላችሁ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የዛሬው ርእሴ አሻንጉሊት ነው። ዳሩ ግን ነገሩ የመጠን፣ የቅርጽና የፎርማ ጉዳይ ስለ ሆነ ከሙያችን እምብዛም የራቀ አይመስለኝም።

የአምስት ዓመት ልጄ አንዲት አሻንጉሊት አለቻት። አንድ ምሽት፣ «አባዬ፣ የእሷ እናት የት አለች? አያቷስ?» ስትል ጠየቀችኝ። መልስ ስላጣሁ በማግስቱ መርካቶ ወረድሁ። የመርካቶ ተራዎች አብዛኛውን ጊዜ ስማቸውን የሚያገኙት ከሚሸጥባቸው ዕቃ ነው፤ ዱባይ ተራ ግን የተሰየመው ሸቀጡ በመጣበት ከተማ ስም ነው። ከሱቅ ሱቅ እየዞርሁ ሕፃኒቱንም ወይዘሮዋንም አየሁ። ጎን ለጎን ባስቀምጣቸው ፊታቸው አንድ ሆኖ አገኘሁት፤ ልዩነቱ የቁመትና የልብስ ብቻ ነው። ጠይሚቱም ብትሆን የነጯ ፊት ቀለም ተቀብቶ ነው። አሮጊት ግን ጨርሶ የለችም። ባለሱቁን ብጠይቀው፣ «ወንድሜ፣ አሮጊት አሻንጉሊት ማን ይገዛል?» ብሎ ሳቀብኝ።

ይህ የነጋዴው ጥፋት አይደለም። የአሜሪካው ማቴል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1967 ጥቁር ብሎ ያወጣት ፍራንሲ የተሠራችው በነጯ ፍራንሲ የፊት ፎርማ ነበር። ይኸው ኩባንያ በ1975 ያቀረባት ስኪፐር ደግሞ፣ ክንዷ ሲዞር ቁመቷ የሚጨምርና ጡቷ የሚያጎጠጉጥ ነበረች። የመካኒኩን ብልሃት አደንቃለሁ፤ ሆኖም ልጅቱ ስታድግ ፊቷ አላደገም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የአሻንጉሊት ራስ በመጀመሪያ ከሰም ይቀረጻል፤ በሰሙ ላይ በኤሌክትሪክ ኃይል መዳብ ወይም ኒኬል ይለበጥና ፎርማው ይገኛል፤ ፈሳሽ ቪኒል ተጨምሮበት በሙቀት ውስጥ እየተሽከረከረ ከጠና በኋላ፣ ገና ትኩስና ለስላሳ ሳለ በአንገቱ ቀዳዳ ተስቦ ይወጣል። እንግዲህ አዲስ ዕድሜ ማለት አዲስ ሰም፣ አዲስ ፎርማ፣ አዲስ ወጪ ማለት ነው።

ስለዚህ ራሴ ልሞክረው ቆረጥሁ። የመረጥሁት የእናቴን ፊት ነው። እናቴ የልጅነት ፎቶግራፍ የላቸውም፤ ከዛሬው ፊታቸው ተነሥቼ ወደ ኋላ፣ ወደ አምስት ዓመታቸው መሄድ ነበረብኝ። እንደ መሐንዲስ ፊታቸውን በካሊፐር ለክቼ ሁሉንም በአንድ ሬሾ አሳነስሁት። በስሌት ረገድ እንከን አልነበረበትም፤ የወጣው ግን ድንክ አሮጊት ነበር።

አካል በአንድ ሬሾ አያድግም። ሲወለድ ራስ የቁመቱን ሩብ ያህል ነው፤ በአዋቂ ግን ከሰባት ወይም ከስምንት አንድ እጅ ብቻ ነው። የአዋቂ ዓይን በራሱ ቁመት መካከል ላይ ሲገኝ፣ የልጅ ዓይን ከመካከሉ ዝቅ ይላል፤ ይኸውም የራስ ቅል ቀድሞ አድጎ መንጋጋ ወደ ኋላ ስለሚቀር ነው። የዓይን ብሌን ሲወለድ 17 ሚሊሜትር ገደማ፣ በአዋቂ ዕድሜ 24 ያህል ነው፤ ጭማሪው ትንሽ በመሆኑ በትንሹ ፊት ላይ ዓይን ጎልቶ ይታያል። ይህን በመጽሐፍ ካነበብሁ በኋላ ልጄ ስትተኛ ካሊፐሬን ይዤ አጠገቧ ተቀመጥሁ። ባለቤቴ አብዷል ሳትለኝ አልቀረችም።

የአምስትና የሠላሳ ዓመቷ ፊት እንዲህ ተሠራ። ለሰባ ዓመቷ፣ በሠላሳዋ ፊት ላይ መጨማደድን በመርፌ ጫርሁና ለእናቴ አሳየኋቸው። «ልጄ፣ ይህች አሮጊት አይደለችም፤ የታመመች ልጅ ናት» አሉኝ። ቀጥለውም ጣቴን ይዘው መንጋጋቸውን አስዳሰሱኝ። ጥርስ ሲወልቅ ይዞት የነበረው አጥንት ይሟሟል፤ አገጭ ወደ አፍንጫ ይቀርባል፤ የአፍንጫ ጫፍ ይወርዳል፤ ጆሮ ይረዝማል። መጨማደድ ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣ ነው። ሰሙን ገፍፌ ከአጥንቱ ጀመርሁ።

አስቸጋሪው ግን ሦስቱ አንዲት ሴት መሆናቸውን ማስጠበቅ ነበር። ግራ ቅንድቧ ከቀኙ በጥቂቱ ከፍ ይላል፤ ይህን በሦስቱም አልነካሁትም። የጉንጯን ስርጉድ ግን በልጅነቷ ክብ፣ በሠላሳ ዓመቷ ሰረዝ፣ በሰባ ዓመቷ ረጅም እጥፋት አደረግሁት።

ቪኒል የለኝምና ራሶቹን ያወጣሁት በጀሶ ነው። ጀሶ እንደ ቪኒል አይተጣጠፍም፤ የአሮጊቷ ወደ ውስጥ የገባ ጉንጭ ፎርማውን ነክሶ አልለቅ ስላለ፣ ሁለት ጊዜ ከሰበርሁ በኋላ ፎርማውን በሦስት ከፈልሁት።

በመጨረሻ የአምስት ዓመቷን ራስ ለእናቴ ሰጠኋቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አገላበጡት። «ይህች እኔ አይደለሁም፤ የእኔ አገጭ ሾል ያለ ነበር። ይህች ታናሽ እኅቴ ናት» አሉ። እኅታቸው በዚያው ዕድሜ ገደማ ሞታለች፤ የእሷም ፎቶግራፍ የለም። አገጩን ላስተካክለው ብዬ እጄን ብዘረጋ፣ «አትንካት» አሉኝ።

እዚህ ጠረጴዛ ላይ የምታዩአቸው ሁለት ብቻ የሆኑት ስለዚህ ነው። ሦስተኛዋ በእናቴ ራስጌ ናት። የእናቴን የልጅነት ፊት፣ አገጩን ሾል አድርጌ፣ እንደገና ከሰም ጀምሬዋለሁ።