ሰበር ሦስተኛ ይግባኝ አይደለም



እኛ ተማሪ ሳለን ሐዋሳ የደቡብ ክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት መቀመጫ ነበረች። በ2012 ዓ.ም. ሲዳማ ክልል ሆነና የራሱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እዚሁ ተቋቋመ። ታፔላው ተቀየረ፤ ባለጉዳዩ ግን ዛሬም ያንኑ ይጠይቃል፦ «ቀጥሎ የት ልሂድ?»

መልሱ የሚጀምረው ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 ነው። በክልል ጉዳዮች የበላይና የመጨረሻ የዳኝነት ሥልጣን ያለው የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። ፕሬዚዳንቱን ርዕሰ መስተዳድሩ፣ ሌሎቹን ዳኞች የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ያቀርባሉ፤ የሚሾመው ምክር ቤቱ ነው። ፍርድ ቤቱ ይግባኝ ያያል፤ በሰበርም ያያል።

ነገሩ የሚምታታው እዚህ ላይ ነው። ይግባኝ ሰሚው ማስረጃውንም ሕጉንም ይመረምራል። ሰበር ሰሚው ግን የሚያየው መሠረታዊ የሕግ ስህተትን ብቻ ነው። አንድ የድንበር ክርክር እናስብ። ወረዳ ላይ ዋናው ምስክር ሳይቆጠር ቀርቶ ውሳኔው በይግባኝ ከጸና፣ ገበሬው በሬውን ሸጦ ሐዋሳ ቢመጣም ሰበር ያንን ምስክር አይሰማለትም። ገንዘቡም ጊዜውም ያልቃል፤ በፍርድ ቤት ላይ ያለው እምነትም አብሮ ይጎዳል።

ስለዚህ ጥብቅና የቆማችሁ ጓደኞቼ፣ ይህን ለደንበኛችሁ በመጀመሪያው ቀን ንገሩት። መምህራኖቻችንም፣ እኛ የሰበር ውሳኔ ስናነብ ነበር የምናመሸው፤ የዛሬዎቹን ተማሪዎች ግን እባካችሁ ወረዳ ችሎትም ውሰዷቸው። ፍትሕ የሚገኘውም የሚጠፋውም አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነውና።